ዳገት ላይ የሚያንኳኳው ሞተር

ሾፌሮቹ «ዶክተር» ይሉታል። ዲግሪ ኖሮት አይደለም። የታመመ ሞተር ሲመጣለት የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖና ትንፋሹን ውጦ ስለሚያዳምጥ ነው። ሲጨርስ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረግ ያደርግና «ሦስተኛው ሲሊንደር» ይላል፤ ወይም «የዲናሞው ኩሽኔታ» ይላል፤ ወይም ደግሞ «ምንም የለባት፣ ይዘሃት ሂድ» ይላል። እንዲህ ካለ በኋላ የተከራከረው ሰው አልነበረም። አሁን ግን ተከራካሪ መጣ፤ ያውም ከገዛ ቤቱ።

ነገሩ የተነሳው በአንዲት ግራጫ መኪና ነው። ባለቤቷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሲያብራሩላት ጣልቃ የማትገባ፣ ሲጨርሱ ግን «እሺ፣ ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» የምትል ሴት። ጠዋት መጥታ መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት እንዳጣች፣ ቼክ ኢንጂኑም በርቶ አልጠፋ እንዳለ ተናገረች። በማግስቱ እናቷን ይዛ ተራራውን መሻገር አለባት። እናትየው ከማዶ ባለው ሆስፒታል የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላቸው፤ ያ ቀጠሮ ደግሞ ካመለጠ ተመልሶ የሚገኘው ስንት ደጅ ተጠንቶ ነው።

የዶክተር አማች፣ ማለትም የአንድ ልጁ ባል፣ መመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ አነበበ፤ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየ፤ ወጥቶ እንደገና አነበበና ፊቱን ቋጠር አደረገ።

«የማንኳኳት ሴንሰሩ ነው» አለ። «ሴንሰሩ ብዙ ማንኳኳት እየሰማ ነው። ኮምፒውተሩ እሳቱን እስከሚችለው ድረስ አዘግይቶታል። ጉልበት ያጣችው ለዚህ ነው።»

አስተማሪዋ ወደ ዶክተር ዞረች። ዶክተርም አስረዳት። ሞተሩ ጎን ላይ የጠርሙስ ክዳን የምታክል ነገር ታስራለች። ነዳጁ ያለጊዜው ሲፈነዳ ብረቱ ይንኳኳል። እቺ ነገር ያንን ትሰማና በሽቦ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች፤ ኮምፒውተሩም የካንዴላውን እሳት ትንሽ ያዘገያል። ሞተሩ ከመቃጠል ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል።

«እሺ» አለች አስተማሪዋ። «ታዲያ ሞተሬ ያንኳኳል ወይስ አያንኳኳም?»

ዶክተር አማቹን ነዳጅ አሰጥቶ ካቻቢቴውን ደገነ። አዳመጠ። ቦታ ቀየረ፤ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሞተርሽ ንጹሕ ነው» አላት። «የሚዋሸው ሽቦው ነው። እስከ ማታ አስተካክዬልሽ ነገ ትሄጃለሽ።»

«አባባ፣ እኔ ግን እየሰማሁት ነው» አለ አማቹ።

«ምን አልክ?»

«እያንኳኳ ነው፤ ይሰማኛል ነው ያልኩት። ውስጡ ጥላሸት የያዘ ይመስለኛል። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተከፍቶ ሳይታይ ተራራ ባይወጡባት ጥሩ ነው። ፒስተን ትበሳለች።»

«አንተ የምትሰማውን እኔ ካልሰማሁ ወይ አንተ በቁምህ ሕልም ታያለህ፣ ወይ እኔ ሞቻለሁ። እኔ ደግሞ እንደምታየኝ አልሞትኩም።»

አስተማሪዋ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። በመጨረሻም ሰው እንደሚያደርገው በዕድሜ ለገፋው አደላችና «እንግዲህ ጋሼ፣ በእርስዎ ቃል ነው የምሄደው» ብላ ወጣች። አማቹ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው።

ዶክተር አማቹን መጠርጠር የጀመረው ያን ቀን አይደለም። ከወራት ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር እየተዶለተ እንደሆነ ይታወቀዋል። እራት ላይ ልጁና ባሏ ይንሾካሾካሉ፤ እሱ ቀና ሲል ዝም ይላሉ። ልጁ የጋራዡን ቢሮ ስለምትይዝ ስልክ ታበዛለች፤ እሱ ሲገባ ጀርባዋን ትሰጣለች። የአማቹ ደግሞ ባሰ። ዶክተር አዳምጦ «ጨርሻለሁ» ያለውን መኪና «ላሳጥበው» ብሎ ይዞት ይወጣል፤ ሳይታጠብ ይመልሰዋል። አንድ ቀን ግቢው ጥግ ኮፋኖ ከፍቶ አጎንብሶ አገኘው።

«ምን ትሠራለህ?» አለው።

«ዘይት እያየሁ ነው።»

ዘይቱን ዶክተር ጠዋት በገዛ እጁ ቀይሮት ነበር።

ይሄን ሁሉ ሲደማምረው የሚወጣለት መልስ አንድ ነው፤ ሊያስወግዱት ነው። ጋራዡን ከባዶ ሜዳ ያቆመው እሱ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ቆርቆሮ የመታው እሱ ነው። ነገር ግን ደንበኛ ፊት አንድ ሁለቴ ካሳፈሩት በቂ ነው። «አባባ ደክሟቸዋል፣ ትንሽ ይረፉ» ይሉና በረንዳ ላይ ያስቀምጡታል፤ አላፊ አግዳሚ እየቆጠረ እንዲያረጅ። የግራጫዋ መኪና ነገርም ከዚህ የተለየ አልመሰለውም። ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ነካካው፤ ማሽኑ «ያንኳኳል» አለ፤ ሽማግሌው «አያንኳኳም» አለ፤ ነገ ቴስታታው ይከፈትና አንድ ነገር ይገኛል፤ «አባባ ሳቱ» ይባላል። የተጠና ሥራ! አማቹን ሊያደንቀው ምንም አልቀረው።

«እኔም አውቃለሁ» አለ ለራሱ። «መስመሩን ከጫፍ ጫፍ እፈትሻለሁ። የነካካውን ቦታ አወጣና እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጓንቱ አጠገብ አስቀምጥለታለሁ።»

አማቹ ለምሳ ሲወጣ፣ ልጁም ቢሮዋ ውስጥ ስልክ ላይ ሳለች፣ ዶክተር ቴስተሩን ይዞ ጣውላው ላይ በጀርባው ተንጋለለና ከመኪናዋ ሥር ገባ። እጁን በሞተር ማስነሻው ጀርባ አሾልኮ ወደ ሴንሰሩ ላከ። ዓይን በማይደርስበት ቦታ የሚሠራ እጅ የራሱ ዓይን ያበጃል፤ የዶክተር ጣቶች ሶኬቱን ዳበሱ፣ ሽቦውን ተከተሉ፣ ድንገት ቆሙ። ልስልስ ያለ ነገር። ፕላስተር። አቧራ ያልያዘው፣ ዘይት ያልጠጣ አዲስ ፕላስተር።

ልቡ በደስታ ዘለለ። «ያዝኩህ!» አለ፤ ድምፁ ከመኪናዋ ሆድ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። አማቹን እንደ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘው መሰለው፤ አንድ ልቡ እንዲያውም ልጁን ቶሎ ሊጠራት ፈልጎ ነበር። ግን ያልተፈታ ነገር አይከሰስምና ፕላስተሩን ቀስ አድርጎ ተረተረው።

ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ነበር፤ የተበጠሰና የተጠገነ። ጫፍ ከጫፍ ተጠላልፎ በሊድ ተበይዷል፤ በላዩ ላስቲክ ለብሷል፤ በሽቦው ዙሪያ የሚዞረው መረብ መሳይ መከላከያ እንኳ ተመልሶ ተያይዟል። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን መረብ ቆርጦ ይጥለው ነበር። ዶክተር በባትሪው እያበራ ነቀፋ ፈለገበት። አጣ። እሱ ራሱ ቢሠራው ከዚህ አያሳምረውም።

ታዲያ ሞተሩን ሊወነጅል የፈለገ ሰው ሽቦውን ለምን ይጠግናል? አማቹ ከእሱ ቀድሞ መስመሩን ጠርጥሮ፣ ያገኘውን ብልሽት ጠግኖ፣ ከዚያ በኋላ ነው «ሞተሩ ነው» ያለው ማለት ነው። ይሄ ሐሳብ ዶክተርን አልጣመውም። ጥርጣሬ አንድ በር ሲዘጋበት ሌላ አያጣም። «አንዱን ጠግኖ ሌላውን ቢያበላሸውስ?» አለና ቀጠለ።

ሶኬቱን ነቀለ። የነሐሱ ምላሶች ቢጫ ናቸው፤ አረንጓዴ ዝገት የለም፤ አንዱም አልተጣመመም። ሴንሰሩን በቴስተሩ ለካ። መሆን ያለበትን ያህል ነው። ሽቦውን ከዚህ ጫፍ እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ድረስ ለካ፤ የቴስተሩ መርፌ እስከ ጫፍ ሄደች። ልኬቱን ሳያቋርጥ ሽቦውን ወዘወዘው፣ አጠፈው፣ ጎተተው፤ ውስጥ ለውስጥ የተሰነጠቀ ሽቦ እንዲህ ሲያንገላቱት ነው የሚናዘዘው። የቴስተሩ መርፌ አልተነቃነቀችም። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ እንደሆነም ፈተሸ። አልተነካካም። የቀረው ብሎኑ ነው። ይሄ ሴንሰር ከላላ አይሰማም፣ ከተጨነቀ ያልሆነውን ይሰማል፣ ከሥሩ ቀለበት ከገባበትም እንደዚያው። ዶክተር ጥብቀት የሚለካውን መፍቻ አምጥቶ ሞከረው። ልኩ ላይ ነው። ቀለበትም የለውም።

ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ ወገቡን ይዞ ለአፍታ ቆመ። ልጁ በቢሮው መስኮት እያየችው ነበር። እጇን አውለበለበችለት፤ አፏም ተንቀሳቀሰ። ስልኩ ላለው ሰው እያወራች ይሆናል ብሎ ፊቱን አዞረ።

አንድ ፈተና ቀረ። የማይወደውን የአማቹን ማሽን ሰካው። ሰው ፊት «እኔ በዚህ መጫወቻ አልሠራም» ይላል እንጂ አማቹ ሲጫነው ከኋላ ሆኖ እያየ አንድ በአንድ ያጠናው ነገር ነው። ሞተሩን አስነሳ፤ እሳቱ ምን ያህል እንደሚቀድም የሚያሳየውን ቁጥር አወጣ፤ ትንሿን መዶሻ ይዞ ከሴንሰሩ አጠገብ ብረቱን ኳ ኳ ኳ አደረገው። ቁጥሩ ወረደ። መምታቱን ሲተው ቁጥሩ ተመለሰ። ደገመ። ወረደ፣ ተመለሰ።

ሴንሰሩ ይሰማል። ሽቦው ያደርሳል። ኮምፒውተሩ ይታዘዛል።

ዶክተር መዶሻውን እንደያዘ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። መስመሩ ጤነኛ ነው። ማንኳኳት ደግሞ የለም፤ እሱ አልሰማም። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንድ መውጫ ብቻ አገኘላቸው፤ አማቹ ተንኮሉን ሽቦው ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀብሮታል፤ በዚያ ማሽን ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል! ያ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሽቦውን ቆርጦ በሴንሰሩ ፈንታ ትንሽ ሬዚስተር ማስገባት ነው። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩ ያለ ይመስለዋል፣ ምንም አይሰማም፣ እሳቱን አያዘገይም፤ መኪናዋ ጉልበቷን ታገኛለች። ደካማ ባለሙያዎች የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ዶክተር ዕድሜ ልኩን ሲሰድባቸው ኖሯል። አሁን ግን መሳቢያውን ከፍቶ ሬዚስተር መረጠ፤ መቁረጫውንም አነሳ።

ሽቦው ጋ ሲደርስ እጁ አመነታ። አዝኖለት አይደለም። ያንን የአማቹን ብየዳ ሲያየው ምስክር አስፈለገው። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ቁጥሩ ሲወርድ የሚያይ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው።

አስተማሪዋ በሩ ላይ ታየች፤ ከምሳ በኋላ ክፍል ስለሌላት የመኪናዋን ወሬ ልትጠይቅ መጥታ ነው።

«መምህርት፣ አንዴ ዳገቱን ታወጪኛለሽ?» አላት።

«አልቃለች እንዴ?»

«ልታልቅ ነው። ምስክር ፈልጌ ነው።»

«በማን ላይ?»

«በሽቦ ላይ» አለና ማሽኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ ከጎኗ ገባ።

ከጋራዡ ጀርባ ያለው ዳገት አንድ ወገኑ የመጋዘን ግድግዳ ነው። ዶክተር ለዚህ ሥራ የሚመርጠው መንገድ ነው፤ ግድግዳው የሞተሩን ድምፅ መልሶ በመስኮት ያስገባዋል። መስኮቱን እስከ ታች አወረደ።

«በሦስተኛ ማርሽ ውጪ፤ ነዳጁን አትንፈጊያት። ዓይንሽን ከመንገዱ አታንሺ።»

ሜዳው ላይ ቁጥሩ ደህና ነበር። ዳገቱን ሲይዙ መውረድ ጀመረ። ዶክተር ጆሮውን ሰጠ፤ የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ሌላ ኮሽታ የለም። ይሄንኑ ነበር የፈለገው። ጣቱን ቀስሮ «አየሽ፣ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሳለ...» ሲል አስተማሪዋ አቋረጠችው።

«ይኸው! ጀመራት ጋሼ!»

«ምኑ?»

«የሚንጣጣው ነዋ! ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር። አይሰማዎትም?»

ዶክተር አያት። ከዚያ ቁጥሩን አየ። ሴትየዋ ማያውን ሰርቃ አይታ እንዳይሆን ጠረጠረና ማሽኑን ወደ በሩ አዞረው፤ በእጁም ከለለው።

«ዞረሽ ተመለሺና እንደገና ውጪ» አላት። «አሁን ወሬ የለም። ስትሰሚ ‹ይኸው› በይ፤ ሲቆም ‹ቆመ› በይ። ሌላ ምንም አትበይ።»

«ፈተና ነው እንዴ?»

«አዎ።»

ተመልሰው ወጡ። «ይኸው» አለች፤ ቁጥሩ ወረደ። «ነዳጅ ቀንሺ» አላት፤ «ቆመ» አለች፤ ቁጥሩ ተመለሰ። «ስጫት»፤ «ይኸው»፤ ወረደ። አፏና ቁጥሩ በአንድ ክር የተያዙ ይመስላሉ። ዶክተር አማቹን የከሰሰበትን ክስ ሁሉ በሴትየዋ ላይ ሞከረ። ማያውን አታይም። ሞተር አታውቅም። አማቹን ዛሬ ጠዋት ነው ያየችው። የምትፈልገው ደግሞ መኪናዋ ደህና ናት እንዲባልላት ነው፤ ለመዋሸት ብትፈልግ እንኳ ውሸቷ ወደዚያ በኩል ነበር የሚሆነው።

ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ፤ ወደ ግድግዳው። ግድግዳው አጠገቡ እየሮጠ ነው። ንፋሱን ሰማ፤ ሞተሩን ሰማ፤ በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ዓይነት። «ይኸው» የሚለው የሴትየዋ ድምፅ ከውስጥ መጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍኖም ጠበቀ።

«አቁሚ» አላት።

ጥግ ይዛ አቆመች። ዶክተር ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?»

«ኧረ ከሳምንት በላይ ሆነኝ! ለዚህ አይደል ‹ያንኳኳል ወይ› ያልኩዎት? ጠዋት እርስዎ የለም ሲሉ የእኔ ጆሮ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ያንቺ ጆሮ ደህና ነው።»

አስተማሪዋ ዞር ብላ አየችው። ልጆች ስህተታቸውን ራሳቸው እስኪያገኙት ዝም ብሎ መጠበቅ የለመደች ሴት ናት፤ ጠበቀችው።

«እኔ አልሰማሁም» አለ ዶክተር። «አሁንም አልሰማሁም። መኪናሽ ነገ ተራራ አትወጣም። ፒስተን ትበሳለች።»

«እናቴስ?»

«የእኔን ፒክአፕ ውሰጂ። ማርሿ ይጠጥራል እንጂ ታደርስሻለች።»

አስተማሪዋ መሪውን ይዛ ትንሽ አሰበች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች፤ «እሷንስ ማን ነው ያዳመጣት?»

ጥያቄው ከዶክተር ጋር ጋራዡ ድረስ ገባ፤ ሲደርሱም ከመኪናው ቀድሞት ወረደ። ፒክአፑን ያዳመጠው እሱ ነው። ሌሎቹንስ?

አማቹ ከምሳ ተመልሶ፣ የተተረተረውን ፕላስተር፣ ሬዚስተሩንና መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አግኝቷቸው ቆሟል። ልጁም ከቢሮዋ ወጥታለች። ፊቷ ደም መስሏል።

«ሽቦውን ሊቆርጡት ነበር?» አለ አማቹ።

«ነበር» አለ ዶክተር። «አልቆረጥኩትም። ያንኳኳል። ክፈተው።»

አማቹ ወደ አስተማሪዋ አየ። እሷም ራሷን ነቀነቀችለት።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ ዶክተር፤ ልጁንና ባሏን አከታትሎ እያየ። «እንዳትዋሹኝ። እራት ላይ የምትንሾካሾኩት ስለ እኔ ነው?»

መጀመሪያ የተናገረችው ልጁ ናት፤ ቃላቱን ጠበቅ አድርጋ፣ ከፊት ለፊቱ ቆማ።

«አዎ አባዬ፣ ስለ አንተ ነው። ‹አንቺ ንገሪው› ይለኛል፤ ‹አንተ ንገረው› እለዋለሁ። እሱ ‹ያባርሩኛል› ይላል። እኔ ደግሞ... አልችልም። ዛሬ እንኳ ሽቦውን ስትነካካ አይቼ በመስኮት ጠራሁህ፣ ጠራሁህ...»

«ስልክ እያወራሽ መስሎኝ።»

«ግን አንሾካሾክንም። እንደ ወትሮው ነው የምናወራው።»

ይሄኛው ከሌላው ሁሉ ይልቅ መታው። ሲጠረጥር በከንቱ አልነበረም፤ ዱለታ ነበር፤ ዶላቾቹም እነዚሁ ናቸው። ነገር ግን የተደበቀ ነገር አልነበረም። ፊቱ ተቀምጠው፣ በሙሉ ድምፃቸው ሲያወሩት ነው የከረሙት።

«እና ያሳጠብካቸው መኪኖች?» አለ ወደ አማቹ ዞሮ።

አማቹ ጫማውን አየ። «እንደገና አዳምጣቸው ነበር።»

«ከኋላዬ እየሄድክ።»

«ምን ላድርግ አባባ? ልጠይቅዎት ብሞክር ካቻቢቴውን ሊወረውሩብኝ ነው።»

«እወረውርብህ ነበር» አለ ዶክተር። «ሁሉንም አዳመጥካቸው?»

«የደረስኩባቸውን።»

«ያልደረስክባቸውስ?»

አማቹ አሰበ። አስቦም «ታምሜ የተኛሁ ሰሞን የሚስማር ታክሲ መጥታ ነበር» አለ። ሚስማር የሚሉት ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ሾፌር ነው። ዶክተርም አስታወሳት፤ ነጭ ታክሲ፤ «ምንም የለባት፣ ይዘሃት ሂድ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ነበር የሸኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሰው ጭና ትውላለች።

«መጀመሪያ ፒክአፑን አዳምጥላት» አለ ዶክተር፤ ወደ አስተማሪዋ እያመለከተ። «ከዚያ ተከተለኝ።»

ፒክአፑ ደህና ሆነች። ቢያንስ አማቹ ደህና ናት አለ፤ አስተማሪዋም ራሷ ጆሮዋን አስጠግታ ካዳመጠች በኋላ ቁልፉን ወሰደች። ሁለቱ ወንዶች ወደ ታክሲ ማቆሚያው በእግራቸው ሄዱ። መንገድ ላይ አማቹ ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ተናገረ። ሁለቱንም ጊዜ ዶክተር «እህ?» አለ፤ በሦስተኛው አማቹ የዶክተርን ግራ ትቶ ወደ ቀኝ ጆሮው በኩል ዞረ። ዶክተር እንዳላየ ሆነ።

«ዶክተርዬ!» አለ ሚስማር ከሩቅ፤ ተሳፋሪ ሊሞላለት ሁለት ሰው ቀርቶታል። «ምነው በእግርህ? ያገር መኪና ሁሉ እጅህ ላይ እያለ!»

«ኮፋኖውን ክፈትና አስነሳ።»

«አንተው አይደለህ ‹ምንም የለባት› ያልከኝ?»

«እኔው ነኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ሚስማር እያጉረመረመ አስነሳ። አማቹ አጎነበሰ። ዶክተር ሞተሩን አላየም፤ የአማቹን ፊት ነው ያየው፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ የከንፈሩን ጥግ። እንዲህ ለረጅም ጊዜ አይቶት አያውቅም። ልጁን ያገባ ሰው ነው፣ ስንት ጊዜ አብሮት በልቷል፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው ግን ዛሬ ገና አየ።

አማቹ ቀና አለ። «ደህና ናት!» አለ፤ ጮክ ብሎ።

«እናትህ ትሙት በል።»

«አባባ...»

«በል!»

አማቹ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው።

«ነዳጅ ስትሰጥ ቅንድብህ ተነሳ» አለ ዶክተር። «አይቼሃለሁ። ልታጽናናኝ እንዳትሞክር። ምን ሰማህ?»

«ትንሽ ነገር ነው። የውሃ ፓምፑ ይንጫጫል። ለዛሬ አያሰጋም ብዬ ነው።»

«ለዛሬ ብዬ ጠየቅኩህ?» ዶክተር ወደ መኪናው ውስጥ አጎንብሶ ሞተሩን በእጁ አጠፋው። «ሚስማር፣ ሰዎቹን አውርድ።»

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለ ሚስማር። «እየሄደች እኮ ነው! ደግሞ ይንጫጫል ትላላችሁ፤ እኔ ከሰማሁት ስንት ቀኔ!»

ዶክተርና አማቹ እኩል ዞሩበት።

«ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?» አለ አማቹ።

«ዶክተር ምንም የለባት ካለ እኔ ማን ነኝ?» አለ ሚስማር፤ ተሳፋሪዎቹም እየተነጫነጩ መውረድ ጀመሩ።